አፄ ቴዎድሮስ፣ የነፋስ በሽታና ባዶው ጎተራ

ውድ አንባቢ፣ የ2020ን የፀደይ ወራት ያስታውሳሉ? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ሕመምተኛ የተገኘው ማርች 13 ቀን ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ ላይ የአማራ ክልል ባሕር ዳርን ጨምሮ አራት ከተሞች ለ14 ቀናት ከቤት መውጣት እንዲያቆሙ አዘዘ። እኛም የጸሎት ቤቶቻችንን በር ዘግተን በየቤታችን ማምለክ ጀመርን። ደመወዝ ለሚከፈለው ሰው ነገሩ አስጨናቂ ቢሆንም የሚቻል ነበር። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጉሊት ተቀምጣ በዕለቱ ሽያጭ የዕለቱን እንጀራ ለምትገዛ እናት ግን ቤት መቀመጥ ማለት መራብ ነው። ወጥታ ብትታመም ልጆቿን የሚያይላት የለም፤ ባትወጣም የሚያበላላት የለም።

ከባሕር ዳር ማዶ፣ ጣናን ተሻግረው ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ቢሄዱ ቆራጣ የምትባል ስፍራ ያገኛሉ። ይህችው ጥያቄ በ1866 እዚያ ቆማ ነበር። የምትመልሰው ጉሊት ሻጭ ሳትሆን አንድ ንጉሥ ነበር። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስለ መድፉና ስለ መቅደላ ብዙ ተነግሮናል። ስለዚያ ክረምት ግን የሚያወራ ብዙ አይገኝም፤ እኔም እስካነበው ድረስ አላውቅም ነበር።

ካሳ ኃይሉ በ1818 ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ጊዮርጊስ ከባላባት ወገን ቢሆኑም ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞቱ፤ ርስቱንም ዘመድ ተከፋፈለው። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ልጃቸውን ይዘው ወደ ጎንደር ገቡና በድህነት ኖሩ። ኮሶ እየሸጡ ነው ያሳደጉት ይባላል። ይህን ነገር ጠላቶቹ ለስድብ ያወሩት እንጂ እውነት አይደለም የሚሉም አሉ። እኔ ግን ስድቡን እንደ ስድብ አላየውም። ኮሶ የደጋ ዛፍ አበባ ነው፤ ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ደሃውም መኳንንቱም በየጊዜው የሚጠጣው የሆድ ትል መድኃኒት ነው። እንግዲህ ወይዘሮ አትጠገብ ሸጡም አልሸጡ፣ በጎንደር ገበያ ኮሶ ዘርግታ የምትቀመጥ ሴት ለሰው ጤና የምትሸጥ፣ በዚያችው ዋጋ ደግሞ የራሷን እራት የምትገዛ ሴት ናት። ልጁ በዚያ ገበያ ዙሪያ ነው ያደገው።

ከዚያ በገዳም ፊደል ቆጠረ፤ ገዳሙ በጦር ሲመታ ከአጎቱ ከደጃዝማች ክንፉ ቤት ገባ፤ ክንፉ ሲሞቱ ደግሞ ርስቱ ለሌላ ሆነና ወደ ቋራ በረሃ ወርዶ ሸፈተ። ስለዚህ የሽፍትነት ዘመን ዜና መዋዕሉን የጻፈው ደብተራ ዘነብ የሚነግረን አንድ ነገር አለ። ካሳ በችግር ጊዜ የዘረፈውን ገንዘብ ለቋራ ገበሬዎች አከፋፍሎ የእርሻ መሣሪያ እንዲገዙበት አዘዛቸው። ልብ ይበሉ፤ እህል ሰጥቶ ብቻ አልተዋቸውም። ለሚቀጥለው ዓመት የሚያርሱበትን ሰጣቸው። የተራበን ሰው ከሞት ለማዳን ከምግቡ ሌላ መተዳደሪያውን መመለስ እንደሚያስፈልግ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ዘረፋው ዘረፋ መሆኑን አልክድም፤ ያ ሁሉ ብር የማን እንደነበረ ዘነብ አልጨነቀውም።

በእናቱ የሰደቡት ደጃዝማች ወንድይራድ ምን እንዳገኛቸው ምናልባት ሰምተው ይሆናል። የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብለው ፎክረው ወጡ፤ ተሸንፈው ተማረኩ። ካሳም እናቱ ሳትሸጠው የቀረ ነው ብሎ ኮሶ አስጠጣቸው። አገሩ ሁሉ ሳቀ፤ ዛሬም ታሪኩ ሲነገር ሰው ይስቃል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። በ1847 ጎንደር ገባ፤ በ1852 ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በ1853 አይሻል ላይ ራስ አሊን ድል አደረገ። በፌብሩዋሪ 1855 በሰሜን ደጋ፣ በጃናሞራ፣ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ አሸነፈና ከሁለት ቀን በኋላ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ቀቡት። ስሙም ቴዎድሮስ ተባለ።

ከነገሠ በኋላ ካወጣቸው አዋጆች አንዱ ለዛሬው ነገራችን ዋና ነው። ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ፣ ነጋዴው ይነግድ፣ ገበሬው ይረስ የሚል ነበር። በዚያ ዘመን ወታደር ማለት በገበሬ ቤት ገብቶ የሚበላ ማለት ነበር። ጦር ባለፈበት አገር ጎተራ ባዶ ይቀራል፤ ጎተራ ባዶ ሲሆን ደግሞ በሽታ ይከተላል። ቴዎድሮስ ወታደሩ ደመወዝ እንዲከፈለው፣ ገበሬውን እንዳይነካ ደነገገ። ሐሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ነበር። የገንዘቡ ምንጭ ግን አልተገኘም። ከቤተ ክህነት መሬት ሊያገኝ ቢሞክር ከካህናቱ ጋር ተጣላ፤ ከየአውራጃው ግብር ሊያገኝ ቢሞክር በየአውራጃው ሽፍታ ተነሣ። ሚስቱ ተዋበች በ1858፣ ወዳጆቹ እንግሊዛውያኑ ፕላውደንና ቤል በ1860 ሞቱበት። ከዚያ ወዲህ የሚመክረውና የሚከለክለው ሰው አልነበረውም ይላሉ ታሪክ ጸሐፊዎች።

ወንጌላውያን አንባቢዎች ጋፋትን ሳያውቁ አይቀሩም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለች ኮረብታ ናት። የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት የላካቸው፣ በባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና የተማሩ የእጅ ባለሙያ ሚስዮናውያን እዚያ ሰፍረው ነበር። እነርሱ የመጡት የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ለማዳረስ ነው፤ ንጉሡ ግን የፈለገው መድፍ ነበር። ሰዎቹ መድፉን አበጁ፤ በዚያውም ሕፃናትን ያስተምሩ ነበር። ከነርሱ ጋር የመጣው ማርቲን ፍላድ በኤፕሪል 1866 ንጉሡ ወደ እንግሊዝ ልኮት ስለነበር አሁን የምነግርዎት ነገር ሲሆን በአገሩ አልነበረም። ሚስቱ ጳውሊናና ልጆቹ ግን እዚሁ ቀርተው ነበር።

እንግዲህ ወደ ወረርሽኙ እንምጣ።

በ1865 በመካ የሐጅ ጉዞ ላይ ኮሌራ ተነሣ። ከተሰበሰበው ሕዝብ ወደ 15 ሺህ የሚሆን ሰው እንደሞተ ይገመታል። የተረፈው ወደየአገሩ ሲመለስ በሽታውን ወደ ግብፅ፣ ወደ አውሮፓ፣ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩልም ወደ እኛ ደጋ አመጣው። አገሬው የነፋስ በሽታ ይለው ነበር፤ እንደ ነፋስ ድንገት መጥቶ ጠዋት ደኅና የነበረውን ሰው ማታ ስለሚቀብረው። ዛሬ ነፋስ እንዳልሆነ እናውቃለን። ከታመመ ሰው ዓይነ ምድር ወደ መጠጥ ውኃ የሚገባ ተህዋሲ ነው፤ ገዳይነቱም ሰውነትን ውኃና ጨው በማሳጣት ነው። የለንደኑ ሐኪም ጆን ስኖው በውኃ እንደሚተላለፍ በ1854 አሳይቶ ነበር፤ ነገር ግን ሮበርት ኮክ በ1880ዎቹ ተህዋሲውን ለይቶ እስኪያሳይ ድረስ ብዙ ሐኪሞች አልተቀበሉትም። ስለዚህ በ1866 በጣና ዳር የነበረ ሰው ከሚጠጣው ውኃ መሸሽ እንዳለበት አላወቀም ብሎ መውቀስ አይገባም።

በዚያ ዓመት ጁን ወር ላይ የቴዎድሮስ ሰፈር ከዘጌ ወደ ቆራጣ ተዛወረ። ሰፈር ሲባል የወታደር ድንኳን ብቻ አይምሰልዎ። የሚንቀሳቀስ ከተማ ነው። ለእያንዳንዱ ወታደር ጀርባ ሚስት፣ ልጅ፣ ገረድ፣ በቅሎ ጫኝ አለ። እህል የሚፈጩ፣ በእንስራ ውኃ የሚቀዱ፣ እንጨት የሚለቅሙ፣ ጠላ የሚጠምቁ ሴቶች አሉ። ይህ ሁሉ ሕዝብ ከአንድ ሐይቅ ዳር ይጠጣል፤ በዚያው ዳር ይጸዳዳል፤ ዝናቡ ሲመጣ ሁሉንም ጠርጎ ወደ ውኃው ያስገባዋል። በሽታው ዘጌ ላይ ጀምሮ ነበር፤ ቆራጣ ላይ ሕዝቡ እንደገና ሲታጎር ባሰበት። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሙታንና በሚያጣጥሩ ሰዎች እንደተሞላ በዚያ በእስር የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፏል። መጀመሪያ የሚሞተው ማን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። መኳንንት ድንኳን ውስጥ ጠጅ ይጠጣል፤ ጠጅ ደግሞ ቢያንስ የተብላላ ነው። የሐይቁን ውኃ እንዳለ የሚጠጣው፣ እጁንም በሕመምተኛው ልብስ የሚያስገባው አገልጋዩ ነው።

ታዲያ ለምን ወዲያው ተነሥተው አልሄዱም? እዚህ ላይ ነው የንጉሡ ጭንቀት። ቆራጣ ከጎንደር ቀጥሎ ከሚጠቀሱት የንግድ ከተሞች አንዷ ነበረች። በታንኳ ከደምቢያና ከደሴቶቹ እህል ይገባል፤ ቡና አለ፤ ነጋዴ አለ። ጁን ደግሞ እርስዎም እንደሚያውቁት ጎተራ የሚሟጠጥበት ወር ነው፤ የመኸሩ እህል እስከ ኅዳር አይደርስም። ወደ ደጋ መውጣት ማለት በክረምት መግቢያ፣ በጭቃ፣ ወንዝ በሚሞላበት ጊዜ፣ ሕመምተኛ ተሸክሞ፣ እህል ወደሌለበት መሄድ ነው። የቤጌምድር ገበሬ በበፊቶቹ ዓመታት ከአንድ ጊዜ በላይ ተዘርፎ ነበር። መቅረት በበሽታ መሞት ነው፤ መሄድ በረኀብ መሞት ሊሆን ይችላል።

ቴዎድሮስ ጠየቀ። በዚያን ጊዜ በፈረንጆች ላይ ከፍ ያለ ቁጣ ነበረው፤ ብላንክን፣ ራሳምንና ሌሎቹንም ይዞ አስሯቸው ነበር። ሆኖም ስለ በሽታው ምን ይደረግ ብሎ አስረኞቹን አማከረ። እነርሱም ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ወደ ቤጌምድር ደጋ መውጣት ይሻላል አሉት። ንጉሡም ተቀበለ፤ ሰፈሩንም አስነሣ። እኔ በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ከማደንቃቸው ጥቂት ቀኖች አንዱ ይህ ነው። የጠላውን ሰው ምክር፣ እውነት ስለሆነ ብቻ፣ መቀበል ለንጉሥም ለእኛም ቀላል አይደለም።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ። መንገዱ በርቀት ብዙ አይደለም፤ ዳገቱ ግን ከባድ ነው። በመንገድ የወደቀው ወድቆ ቀረ። ደጋው ላይ ሲደርሱ ሕዝቡ ተበታትኖ ሰፈረ፤ ከተበከለው የሐይቅ ዳር ርቆ ከምንጭና ከወንዝ መጠጣት ጀመረ። በሽታውም እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። በዚያ ዘመን ሰዎች ቀዝቃዛው አየር ነው ያዳናቸው ብለው አሰቡ። ምክንያቱን ባያውቁትም ውጤቱ ትክክል ነበር።

የታሪኩ ግማሽ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን ከበሽታው የተረፈው ሕዝብ መብላት አለበት። ገንዘብ የለም፤ አብዛኛው አገር በሽፍታ እጅ ነው፤ ግብር የሚያገባው አውራጃ ቤጌምድርና በዙሪያዋ ያለው ጥቂት ስፍራ ብቻ ሆኗል። በ1855 ገበሬው እንዳይነካ ያወጀው ሰው አሁን ወታደሩን ወደ ገበሬው ጎተራ ላከ። መጀመሪያ እህሉ ተወሰደ፣ ቀጥሎ ከብቱ፣ ቀጥሎ ዘሩ። ገበሬው እህሉን በጉድጓድ ቀበረ ወይም ወደ ቆላ ሸሸ። የሸሸ ገበሬ አያርስም፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት ጎተራ ከዚህኛው የባሰ ባዶ ሆነ። ያ ለቋራ ገበሬዎች የእርሻ መሣሪያ መግዣ ያደለ ካሳ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የሚያውቀውን ነው የተወው።

በዲሴምበር 1866 የጎንደር ተራ ደረሰ። ከተማዋን የወልቃይቱ ጤሶ ጎበዜ ይዟት ነበር፤ ንጉሡም ጎንደሮች ለሽፍታው አብረዋል ብሎ ተቆጣ። ጦሩን ይዞ ገባና ከተማዋን አስዘረፈ፤ ቤቱንና አብዛኞቹን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠለ፤ የወርቅና የብር ንዋያቱን፣ በመቶ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍቱን ወደ ደብረ ታቦር አስጫነ። መጻሕፍቱ በኋላ ወደ መቅደላ፣ ከመቅደላም ብዙዎቹ ወደ ለንደን እንደሄዱ ያውቃሉ። ስለ መጻሕፍቱ ሁልጊዜ እናዝናለን፤ ተገቢም ነው። በአዲስ ዓለም ይነግድ የነበረው ሙስሊም፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ በየደብሩ የቆሎ ተማሪ ሆኖ በልመና የሚማረው ልጅ ወዴት እንደሄደ ግን የጻፈ ጥቂት ነው። እናቱ ድንኳን ሳይኖራት ኮሶ ዘርግታ ትቀመጥበት ነበር የሚባለው ገበያም በዚያው እሳት ውስጥ ነበር።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ሰው ለመኮነን አይደለም የምጽፈው። ስለ በሽታው አዋቂ ጠየቀ፤ የሰማውንም አደረገ። ስለ እህሉ ግን ማንንም አልጠየቀም። ገበሬውን አልጠየቀም፤ ነጋዴውን አልጠየቀም። በሽታ የሐኪም ጉዳይ፣ ረኀብ የቅጣት ጉዳይ ሆኖበት ነበር። በ2020 የእኛ ባለ ሥልጣናት ኤፕሪል 8 ቀን የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያውጁ አገሩን ፈጽሞ አልዘጉም፤ አብዛኛው ሕዝብ በዕለት ገቢ የሚኖር ስለሆነ እንደማይቻል ተናገሩ፤ እርሻውም ቀጠለ። በዚህ ብዙ ሰው ተጠቅሟል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ታክሲው በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ዋጋ ይሂድ ሲባል እጥፉን ማን እንደከፈለው የቅዳሜ ገበያዋን እናት ቢጠይቋት ትነግርዎታለች። ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ የሚለውን ትእዛዝ ለአንድ ክፍል ቤት ስድስት ሆነው ለሚያድሩ ማስረዳትም እንዲሁ ከባድ ነበር።

ከዚያው ከጎንደር አካባቢ ሌላ ምሳሌ ላንሣ። በ1953 ደምቢያ ላይ ወባ ተነሥቶ ወደ 7 ሺህ የሚገመት ሰው ገደለ። ወቅቱ ገበሬው ለአጨዳ ማሳው ላይ መሆን የነበረበት ወቅት ነው፤ ብዙ ቤት አጫጅ በማጣቱ እህሉ ባለበት ቀረ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1954፣ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው እርሱ ነው። መጀመሪያ ያሠለጠነው የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጽዳት ባለሙያዎችን ሲሆን ሦስቱ በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ይላኩ ነበር። ንጹሕ ምንጭ የሚያጎለብት፣ መጸዳጃ የሚያስቆፍር፣ ቤት ለቤት ሄዶ ድኻውን የሚያይ ሰው። እንዲህ ያለ ቡድን በ1866 በቆራጣ ቢኖር ምን ይሆን ነበር ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ፤ ለኮሌራ ሕመምተኛ የሚያስፈልገው በአብዛኛው የፈላ ውኃ፣ ጨውና ስኳር ነው።

ወደ ቴዎድሮስ ልመለስና ልጨርስ። በኦክቶበር 1867 ደብረ ታቦርን አቃጥሎ ወደ መቅደላ ተነሣ። በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የሚባለውን ትልቅ መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተተ፣ መንገዱን ራሱ ድንጋይ እያነሣ እየጠረገ፣ ያን አጭር መንገድ ወደ ስድስት ወር ገደማ ፈጀበት። በየቀኑ ወታደር ይከዳው ነበር፤ የሚከዳውም ስለራበው ነው።

በዚያው ጊዜ ከቀይ ባሕር ጠረፍ ከዙላ ተነሥቶ የጄኔራል ናፒየር ጦር በደጋው ላይ ይመጣ ነበር። 13 ሺህ ያህል ወታደር፣ ከዚያ የሚበልጥ አገልጋይ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የጭነት ከብትና 44 ዝሆን ነበረው። ይህን ሁሉ መመገብ ነበረበት። ናፒየር የማርያ ቴሬዛ ብር በሣጥን ሣጥን ጭኖ መጥቶ ነበርና ለገብሱም፣ ለሣሩም፣ ለእንጨቱም በየዕለቱ ከፈለ። ለራሳቸው ንጉሥ እህላቸውን በጉድጓድ የቀበሩ ገበሬዎች ለእንግዳው ጦር እያወጡ ሸጡለት። ኤፕሪል 13 ቀን 1868፣ በፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ መቅደላ ላይ ቴዎድሮስ ሽጉጡን በራሱ ላይ ሲተኩስ በዙሪያው የቀረው ሰው ጥቂት ነበር።